ጣራው ላይ ምን ይሰቀል? በአር ቪ ውስጥ ዲጂታል ቴሌቪዥን የማየት ጉዳይ

አሜሪካ ውስጥ አር ቪ፣ ማለትም እየተጓዙ የሚኖሩበት ቤት-መኪና፣ የሚሸጥበት ግቢ የገባ ሰው አልጋውንና ምድጃውን አይቶ ሲጨርስ የሚጠይቀው ስለ ቴሌቪዥኑ ነው። ሻጩም መልስ አያጣም። ጣራ ላይ የሚቀመጥ ነጭ ጉልላት አለ፤ ከጉልላቱ ጋር ወርሃዊ ክፍያ ያለው የሳተላይት ውል አለ፤ ይህ ካልጣመ ደግሞ ኢንተርኔት ከሳተላይት የሚቀበለው ጠፍጣፋው የስታርሊንክ ሳህን አለ። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የማያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የት ነው የምታድሩት? የብርዱን ወራት አሪዞና በረሃ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ የሚያሳልፍ ጡረተኛና በየሳምንቱ መጨረሻ ኦሪገን ጫካ ገብቶ ጥድ ሥር የሚያቆም ቤተሰብ አንድ ዓይነት ዕቃ ከገዙ፣ ከሁለቱ አንዱ ገንዘቡን በትኗል።

ስለዚህ ከዕቃው በፊት ቦታውን፣ ከቦታው ቀጥሎ ደግሞ ማየት የሚፈለገውን ነገር ማወቅ ይቀድማል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ብዙ ሰው የሚንቀው ተራ የጣራ አንቴና መጀመሪያ ሊሞከር ይገባዋል፤ ኢንተርኔት ሁለተኛ ነው፤ የሳተላይት ቴሌቪዥን ውል ግን ለምን እንደሚገባበት በደንብ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንቴናው የተናቀው በከንቱ አይደለም። የአሜሪካ ዋና ዋና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የአናሎግ ሥርጭታቸውን የዘጉት ጁን 12 ቀን 2009 ነው። ቀኑ መጀመሪያ ፌብሩዋሪ 17 ነበር፤ ሕዝቡ ገና አልተዘጋጀም ተብሎ ተራዘመ። መንግሥት መቀየሪያ ሳጥን መግዣ የሚሆን የ40 ዶላር ኩፖን ለአንድ ቤት እስከ ሁለት ድረስ አደለ። በዚያ ግርግር መሃል ብዙ ሰው «አንቴና ቀረ» ብሎ ደመደመ። የቀረው አናሎጉ እንጂ አንቴናው አልነበረም። ኤ ቢ ሲ፣ ሲ ቢ ኤስ፣ ኤን ቢ ሲ፣ ፎክስና ፒ ቢ ኤስ ዛሬም በአየር ላይ በነፃ ይተላለፋሉ። የምስላቸው ጥራትም ብዙ ጊዜ በኬብል ወይም በሳተላይት ከሚመጣው ይበልጣል፤ እነዚያ ብዙ ቻናል ለማሳለፍ ሲሉ ምስሉን እንደገና ይጨምቁታልና።

ለውጡ ያመጣው አንድ ጠባይ ግን መንገደኛውን ግራ ያጋባል። አናሎግ ሲግናል ሲደክም ነጠብጣብ እየበዛበትም ቢሆን ይታይ ነበር፤ የእግር ኳስ ውጤት ለማወቅ ያህል ይበቃ ነበር። ዲጂታል ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ካሬ ካሬ ሆኖ ይቆራረጥና ድርግም ይላል። ትናንት ሠላሳ ቻናል ያየ ሰው ዛሬ ባዶ ስክሪን ሲገጥመው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል፤ የተለወጠው ግን የቆመበት ቦታ ብቻ ነው።

ይህ የሥርጭት ዘዴ ሲመረጥ ተሽከርካሪ ያሰበ ሰው ያለ አይመስልም። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍ ሲ ሲ፣ በ1996 መጨረሻ ያጸደቀው ኤ ቲ ኤስ ሲ የተባለው ደረጃ መረጃውን ሁሉ በአንድ ሞገድ ላይ አከታትሎ ይጭናል። ቤት ጣራ ላይ ተቸንክሮ ለሚኖር አንቴና ጥሩ ነው። አውሮፓውያን የመረጡት ዘዴ ግን መረጃውን በሺዎች ለሚቆጠሩ ቀጫጭን ሞገዶች ስለሚያከፋፍል፣ ከሕንፃና ከተራራ እየተንጸባረቀ ዘግይቶ የሚደርሰው ሲግናል ብዙም አይረብሸውም። ሲንክሌር የተባለው የብዙ ጣቢያዎች ባለቤት በ1999 የአውሮፓው ዘዴም አሜሪካ ውስጥ እንዲፈቀድ ለኮሚሽኑ አመለከተ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። የዚያ ውሳኔ ውጤት ዛሬም አር ቪ ውስጥ ይታያል፦ መኪናው አውራ ጎዳና ላይ እየሮጠ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች የአየር ቴሌቪዥን ቢከፍቱ ምስሉ በየጊዜው ይሰበራል። አንቴና የቆመ መኪና ዕቃ ነው። በጉዞ ላይ ለልጆች የሚሆነው አስቀድሞ ታብሌት ላይ የተጫነ ፊልም ነው፤ ለሹፌሩ ደግሞ ምንም።

በገበያው ላይ ያለው የአር ቪ አንቴና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክብ ሆኖ ከየአቅጣጫው የሚቀበል፣ ምንም ማዞር የማያስፈልገው ነው፤ ለሰነፍ ይመቻል፣ ከከተማ ራቅ ሲባል ግን አቅም ያንሰዋል። ሁለተኛው ወደ ጣቢያው የሚዞር ነው። አይዋ ግዛት፣ በርሊንግተን ከተማ ያለው ዋይንጋርድ ኩባንያ የሚሠራው «ሴንሳር» የዚህ ዓይነት ነው፤ በቅርጹ ምክንያት የሌሊት ወፍ ክንፍ ይሉታል፣ ብዙ አሮጌ አር ቪዎች ጣራ ላይም ይገኛል። ከውስጥ በእጀታ እየተጠመዘዘ ይነሣል፣ ይዞራል፣ ይተኛል። የኪንግ ኩባንያ «ጃክ» ደግሞ አነስ ያለ ነው፤ ማንሣት አያስፈልገውም፣ ከውስጥ ማዞር ብቻ ነው። እኔ የሚዞረውን እመርጣለሁ፤ ልዩነቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ባደረ ሰው ስክሪን ላይ በግልጽ ይታያል።

አንቴናው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከምድር ጉብጠት አያልፍም። ማሠራጫው 300 ሜትር ቁመት ካለውና የእርስዎ አንቴና ከመሬት 4 ሜትር ከፍ ካለ፣ በሜዳ ላይ የሚጠበቀው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ብላንቻርድ አጠገብ እንደቆመው ከ600 ሜትር በላይ የሆነ ማማ ሲሆን ወደ 110 ይደርሳል። የሎስ አንጀለስ ጣቢያዎች ማሠራጫቸውን ማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ የተከሉት ለዚሁ ነው። በአንጻሩ ተራራ ከመሃል ከገባ 20 ኪሎ ሜትርም ሩቅ ነው። ካርቶን ላይ «150 ማይል» ተብሎ የተጻፈበትን አንቴና ያየ ሰው ይህን ሒሳብ ያስታውስና ወደ መደርደሪያው ይመልሰው።

አሁን ብዙ ምሽት ወደምታበላሸው ትንሽ ቁልፍ እንምጣ። በአብዛኛው አር ቪ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ አንዳንዴም ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቃ፣ የመብራት ማብሪያ የምታክል ሰሌዳ አለች። የአንቴና ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍና ፍሬ የምታክል አረንጓዴ መብራት አሏት። ቁልፏ ስትጫን 12 ቮልት በዚያው የአንቴና ገመድ በኩል ወደ ጣራ ይወጣና እላይ ያለውን የሲግናል ማጉያ ያነቃል። መብራቷ ከጠፋች አንቴናው ያለ ጉልበት ስለሚቀር ከተማ መሃል ካልሆኑ የሚመጣ ነገር የለም። ከበራች ደግሞ ከውጭ የሚገባው የካምፕ ኬብል ይዘጋል። ስለዚህ ሕፃን ሳያስበው ቢነካት፣ ወይም ዕቃ ሲደረደር ብትጫን፣ አባወራው ጣራ ላይ ወጥቶ ጤነኛ አንቴና ሲፈታ ይውላል። ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት መብራቷን ማየት ነው።

ከመብራቷ ቀጥሎ የሚመጣው ስካን ማድረግ ነው። ከተማ በተቀየረ ቁጥር የቴሌቪዥኑ ማውጫ ውስጥ ገብቶ «አየር» የሚለውን መርጦ ቻናሎችን እንደገና እንዲፈልግ ማድረግ ግድ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የቻናል ቁጥር የጣቢያው መጠሪያ እንጂ የሚያሠራጭበት ሞገድ አይደለም፤ ቻናል 4 የሚባለው በእውነት በ34 ሊመጣ ይችላል፣ ቴሌቪዥኑ ይህን የሚያውቀው ስካን ሲያደርግ ብቻ ነው። መንግሥት ከ36 በላይ ያሉትን የቴሌቪዥን ሞገዶች ለስልክ ኩባንያዎች በጨረታ ሸጦ ጣቢያዎቹን ወደ ታች ማዛወሩን የጨረሰው በ2020 ነው። በዚህ ሳቢያ የድሮ ማጉያዎች ዛሬ በአጠገባቸው ያለውን የስልክ ማማ አብረው ያጎላሉ፤ ማማ ሥር ካቆሙና ምስሉ ያለ ምክንያት ከተሰበረ የስልክ ሞገድ የሚያስቀር ማጣሪያ ገመዱ ላይ መግጠም ይረዳል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

አንቴናውን ማዞሩ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። አገር ቤት ጣራ ላይ ወጥቶ «መጣ? ሄደ?» እየተባባለ ዲሽ ያዞረ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ከውስጥ ተቀምጦ መሆኑ ነው። ትንሽ ማዞር፣ ቆም ማለት፣ ለጥቂት ሰከንድ መጠበቅ፤ ሪሲቨሩ ሲግናሉን ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋልና ዝም ብሎ የሚያሽከረክር ሰው ትክክለኛውን ቦታ ሳያውቅ ያልፈዋል። የኤፍ ሲ ሲ የመቀበያ ካርታ አድራሻ ሲሰጡት ማማዎቹ በየትኛው አቅጣጫ እንዳሉ ያሳያል።

በማግስቱ ደግሞ የሚረሳው አንቴናውን ማውረዱ ነው። ሴንሳር ከመተኛቱ በፊት ከውስጥ ኮርኒሱ ላይ ያለው ቀስት ከእጀታው ቀስት ጋር መግጠም አለበት፤ ሳይገጥም ከተጠመዘዘ ክንፉ የአየር ማቀዝቀዣው ላይ ያርፋል። ጨርሶ ሳይወርድ የተነዳው ደግሞ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ወይም የነዳጅ ማደያ ጣራ ይጠብቀዋል። ልምድ ያላቸው መንገደኞች አንቴናው በወጣ ቁጥር መሪው ላይ የልብስ መቆንጠጫ ይሰካሉ። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አላየሁም።

የካምፕ ኬብል ብዙ የሚያስወራ አይደለም። ከመብራቱ ምሰሶ ላይ የኬብል መሰኪያ ካለ ገመድ ይሰካል፣ አረንጓዴዋ መብራት ትጠፋለች፣ ቴሌቪዥኑ «ኬብል» በሚለው በኩል ስካን ያደርጋል። ኮሚሽኑ በ2012 የኬብል ኩባንያዎች መሠረታዊ ቻናሎችን ጭምር በቁልፍ እንዲዘጉ ስለፈቀደ፣ በአንዳንድ ካምፕ ከቢሮው ሳጥን መዋስ ያስፈልጋል። ሲገቡ መጠየቅ ነው።

ሳተላይት ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ይወፍራል። ሁለቱ ኩባንያዎች ዲሽና ዳይሬክ ቲቪ ናቸው። ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ ስለሚቆሙ ከአሜሪካ ሲታዩ በደቡብ በኩል ናቸው፤ ወደ ሰሜን በሄዱ መጠን ዝቅ ይላሉ። ሲያትል አጠገብ ላቆመ ሰው በ119 ዲግሪ ምዕራብ ያለው የዲሽ ሳተላይት ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። በዚህ ሒሳብ መሬት ላይ የተቀመጠ ዲሽ ከ15 ሜትር ዛፍ ቢያንስ 21 ሜትር መራቅ አለበት፤ በዚያ አገር ደግሞ 30 ሜትር የሚሆን ጥድ ብርቅ አይደለም። ጣራ ላይ የተቸነከረ ጉልላት ከዛፉ መሸሽ አይችልም፤ መሸሽ ያለበት መኪናው ነው። በሐምሌ ሙቀት ጥላ የፈለገና ቴሌቪዥን የፈለገ ሰው በአንድ መኪና ውስጥ ካሉ ጠብ መነሣቱ አይቀርም። በእግር የሚቆም፣ ረጅም ገመድ ያለው ዲሽ ከጉልላት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ መኪናው ጥላ ሥር ይቆማል፣ ዲሹ ፀሐይ ላይ ይወጣል።

ሌላው ነገር ሲገዛ የማይነገረው ነው። ለዲሽ ኩባንያ አገልግሎት የሚሠሩት ትንንሽ ራስ-አዟሪ ጉልላቶች በአንድ ጊዜ የሚያዩት አንድ ሳተላይት ብቻ ነው፤ ባል ሳሎን ውስጥ አንድ ቻናል፣ ሚስት መኝታ ክፍል ሌላ ሳተላይት ላይ ያለ ቻናል ልይ ካሉ ከሁለቱ አንዱ ይጨልማል። የዳይሬክ ቲቪ የኤች ዲ ቻናሎች ደግሞ በትንሽ ጉልላት ስለማይያዙ ትልቅና ክፍት ዲሽ ይፈልጋሉ። ጉልላቱ ሲሄዱም የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው። በሳተላይት ውል ውስጥ ለመንገደኛ የሚስማማው በወር እየከፈሉ ማቆም የሚቻለው ዓይነት ነው፤ ለሁለት ዓመት የሚያስር ውል ለአር ቪ ሰው ምንም ትርጉም የለውም።

በሳተላይት የሚያይ ሰው በጉዞ ላይ በጣም የሚናደድበት ግን የአካባቢ ቻናሎች መጥፋት ነው። ሳተላይቱ የየከተማውን ጣቢያዎች የሚልከው በጨለማ ሜዳ ላይ እንደ በራ የእጅ ባትሪ፣ አንድ አካባቢ ላይ ብቻ ነው። የዴንቨር ነዋሪ ዴንቨርን ትቶ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እንደሄደ የዴንቨር ቻናሎቹ ይጠፋሉ። ኩባንያው የአገልግሎት አድራሻውን እንዲቀይርለት በየጊዜው መደወል አንዱ መፍትሔ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ የቅጂ መብት ሕጉ ለአር ቪ እና ለንግድ ጭነት መኪና የተለየ ፈቃድ ይሰጣል። ባለ ንብረቱ የፈረመበትን መግለጫና የተሽከርካሪውን ምዝገባ ቅጂ ሲያቀርብ የሌላ ከተማ ዋና ቻናሎችን በየትም ቦታ ማየት ይፈቀድለታል። ፈቃዱ በ2019 በወጣው ሕግ ቋሚ የሆነው 210ሩንም የአገሪቱን የቴሌቪዥን ገበያዎች ለሚያገለግል ኩባንያ ብቻ ነው። ከባድ መኪና እየነዱ ከዳላስ እስከ ሲያትል የሚመላለሱና በመኪናቸው መኝታ ውስጥ የሚያድሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህ ሕግ እነሱንም እንደሚመለከት ማወቅ አለባቸው፤ እነሱ የመንጃ ፈቃዳቸውን ቅጂ ጭምር ይጠየቃሉ።

በእርግጥ ዛሬ አዲስ አር ቪ የሚገዙ ወጣቶች ይህን ሁሉ ሰምተው «ኢንተርኔት ካለ ለምን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኔትፍሊክስ በተራ ጥራት በሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት፣ በኤች ዲ እስከ 3፣ በከፍተኛው ጥራት እስከ 7 ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት ኤች ዲ የሚያይ ሰው በወር እስከ 180 ጊጋባይት ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው፤ ብዙ የስልክ ውል ደግሞ ሆትስፖቱን ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ያዘገየዋል። የካምፕ ዋይፋይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ፊልም ሲከፍት ኢሜይል እንኳ አያስተላልፍም፤ ማለዳ ላይ ግን ለማውረድ ይሆናል።

ስታርሊንክ ይህን ነገር በእውነት ለውጦታል። ለአር ቪ የተባለው አገልግሎት በሜይ 2022 ሲጀመር ዕቃው 599 ዶላር፣ ወሩ 135 ዶላር ነበር፤ ስሙም ዋጋውም ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል። በ2024 የወጣው ሚኒ 1 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ነው። ዛፍ ለእሱም ጠላቱ ቢሆንም ጠባዩ ይለያል፦ የቴሌቪዥን ዲሽ አንድ ቅርንጫፍ ፊቱ ከቆመ ጭልም ይላል፤ ስታርሊንክ ግን ሳተላይቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ለጥቂት ሰከንድ ተቋርጦ ይመለሳል፣ የተቀዳ ፊልም የሚያይ ሰው ላያውቀውም ይችላል። ቀጥታ ጨዋታ የሚያይ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ጎሉ ሁልጊዜ በዚያች ሰከንድ ይገባል።

በኢንተርኔት የሚታዩት የቀጥታ ቴሌቪዥን አገልግሎቶችም አድራሻ ይጠይቃሉ። ዩቱብ ቲቪ ቢያንስ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ከመኖሪያ አካባቢ ገብቶ ማየት ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ችግር ነው። ስታርሊንክ ደግሞ አንዳንዴ መኪናው ያለበትን ሳይሆን ኢንተርኔቱ የሚወጣበትን ከተማ ያሳያል፤ ዩታ ላይ የቆመ ሰው የሌላ ግዛት ዜና ሲቀርብለት አይደነቅ። የአካባቢ ዜናና በተለይም የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ከሆነ የሚፈለገው፣ አንቴናው ከኢንተርኔቱ በፊት ይደርሳል፤ የስልክ ማማ መብራት ሲጠፋበትም ከሩቅ ያለው ጣቢያ ይሠራል።

የአማርኛ ፕሮግራም ለሚፈልግ ቤተሰብ ነገሩ አጭር ነው። አንቴናው አያመጣውም። ጥቂት ሰዎች ለስደተኞች የሚተላለፉ ነፃ ቻናሎችን ለመያዝ በ97 ዲግሪ ምዕራብ ወዳለው ሳተላይት ዲሽ ያዞሩ ነበር፤ በቆመ ቤት ጣራ ላይ ይሠራል፣ በየማታው ሌላ ቦታ ለሚያድር ግን ድካሙ አያዋጣም። ኢ ቢ ኤስም ፋናም ዩቱብ ላይ ስላሉ ለእማማ የሚከፈተው ድራማ በስልክ ዳታ ይመጣል፤ ተራ ጥራት ላይ ከተደረገ ብዙ አይበላም።

የኤሌክትሪክ ነገር ከሁሉም በላይ መታሰብ ሲገባው መጨረሻ ላይ ይታሰባል። ኳርትዛይት፣ አሪዞና አጠገብ ባለው የመንግሥት መሬት ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለሚያድር ሰው ፈቃድ በክፍያ ይሰጠዋል፤ መብራት ግን አይሰጠውም። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ተራ የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው። 24 ኢንች የሆነ የ12 ቮልት ቴሌቪዥን በ30 ዋት አካባቢ ይሠራል፤ የአንቴናው ማጉያ ከቁጥር አይገባም። ለአራት ሰዓት 120 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ሚኒው ሳህን 25 እስከ 40 ዋት፣ ትልቁ ከዚያ እጥፍ በላይ ይጨምራል። የሳተላይት ሪሲቨር ደግሞ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም ሌሊቱን ሙሉ ይበላል፤ ከመሰኪያው ካልተነቀለ ጠዋት ማቀዝቀዣው ዝም ብሎ ይገኛል። ተራ የቤት ቴሌቪዥን በኢንቨርተር የሚያሠራ ሰው ኢንቨርተሩ ራሱ የሚወስደውን ድርሻ ይጨምርበት።

ድንበር ለሚሻገሩ አንድ ቃል። ካናዳና ሜክሲኮ እንደ አሜሪካ ያንኑ ኤ ቲ ኤስ ሲ ስለሚጠቀሙ ባሃ ካሊፎርኒያ ወርዶ የሚከርም ሰው የአሜሪካ ቴሌቪዥኑ እዚያም ቻናል ያገኝለታል። አውሮፓ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጀርመን በማርች 2017 ዲ ቪ ቢ ቲ 2 ወደተባለው የአየር ሥርጭት ደረጃ ስትሸጋገር የግል ቻናሎቹን በአንቴና ማየት በክፍያ ሆነ፤ በ19.2 ዲግሪ ምሥራቅ ከሚገኘው የአስትራ ሳተላይት ግን አብዛኛው በነፃ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት የጀርመን የካምፕ መኪና ጣራ ላይ ዲሽ ማየት የተለመደ ነው፣ ምርጫውም ትክክል ነው። አሜሪካ ላይ አንቴና ይቅደም ያልኩት ጀርመን ላይ ይገለበጣል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ኔክስትጄን ቲቪ የሚባለው አዲሱ ኤ ቲ ኤስ ሲ 3.0። ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2017 ጣቢያዎች በፈቃዳቸው እንዲጀምሩት ፈቀደ፤ የድሮውንም ጎን ለጎን እንዲያሠራጩ አዘዘ። አዲሱ ዘዴ መረጃውን በብዙ ቀጫጭን ሞገዶች የሚያከፋፍል ነው፤ በ2000 ውድቅ የተደረገው ሐሳብ ማለት ነው። ሲንክሌርም ዛሬ ከዋና ገፋፊዎቹ አንዱ ነው። በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥም የተሻለ ይያዛል። ችግሩ ብዙ ጣቢያዎች ነፃ የነበረውን ሲግናል በቁልፍ መዝጋታቸው ነው፤ ቁልፉን የማይፈታ ሳጥን ሲግናሉን ቢያገኝም ምስሉን አያሳይም። በተለይ ኢንተርኔት በሌለበት በረሃ ላይ ለመክፈት የሚያስቸግር ሳጥን ለአር ቪ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። መኪናው ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ራሱ እስኪበላሽ ድረስ ለዚህ አንድ ዶላር አላወጣም።